ከተመለሱ በኋላ ሰባት ቀን

ሐዴራ፣ ማክሰኞ፤ ክሊኒኩ ተከፍቷል፣
የወረፋው ቁጥር ግድግዳው ላይ በርቷል።
ከጦር ሠፈር ከወጡ ወር ያልሞላቸው ልጆች
በስልካቸው ያያሉ የባንኮክን ደጆች።
አንዷ ስለ ዴንጊ ጠየቀችኝ ፈርታ፤
«የሱ ትንኝ ቀን ነው» አልኳት፣ «የወባዋ ማታ።
እጅጌሽ ይርዘም፣ ቅባቱን አትርሺ፣
ጎማም ሆነ ባልዲ፣ ውሃ ካቆረ አፍስሺ።»
ሳቀች። ወጣት ናት፤ ትንኝ ምኗም አይደል።
ሠላሳ አራት ገቡ፣ በሩን ይዘው፣ እንደ ገደል።

ስማቸውን ከስክሪኑ በዕብራይስጥ አነበብኩ፣
ፊደል የሰበረውን በአማርኛ ጠገንኩ፦
«አባባ ተሻገር።»
ቀና አሉ። ካርዴን አዩ፤ «ኦስናት» ይላል ደረቴ ላይ።
«ይሄስ የቢሮ ነው» አሉ፣ «የእናትሽ የለሽም ወይ?»
«ትብለጥ።»
«እህ» አሉና ተቀመጡ፣
የሸሚዛቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈተው ክንዳቸውን ገለጡ።

ፎርሙ ይጠይቃል፤ ወዴት? ለስንት ቀን?
«መተማ» አሉ፣ «ሽንፋ ወንዝ፤ ግራሩ ቆሞ እንደሆን።»
ለምን የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለውም፤
ቢኖረውም እኔ ለምን አልልም።
በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ፣ በዚያ በሱዳን በር፣
አንድ አንድ ግራር አለው። እናቴም አላት፣ ከወንዙ ዳር።

እሳቸው ግን ነገሩኝ፣ መርፌውን ስሞላ፦
«ደጊቱ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ። ንዳድ ያዛት ቆላ።
ደብተራ የጻፈላት ክታብ ነበር አንገቷ ላይ፣
በላብ ራሰ፤ ቀለሙ ሟሟና፣ ሲነጋ ስናይ
ደረቷ ላይ ፊደል።
ከትንኝ እንደሆነ ማን ነግሮን? አየሩን ረገምን፤
ትንኟ ጆሯችን ሥር ስታዜም፣ እኛ ሰማይ ስንለምን።»

ክታብና ክትባት፤ «ከተበ» ነው የወለዳቸው፤
አንዱ ከቆዳ ላይ፣ አንዱ ከቆዳ ሥር ነው ጽሕፈታቸው።
ከተብኳቸው። ለታይፎይድ በግራ፣ ለጉበት በቀኝ።
«ጨረስሽ?» አሉ። «ጨረስኩ።» «እንደ ትንኝ ነው፤ አልተሰማኝ።»

ቢጫ ወባን ግን ዶክተር ላሪሳ ሁለቴ አሰበች፣
ዕድሜያቸውን አየችና ራሷን ወዘወዘች፤
«በዚህ ዕድሜ መርፌው ራሱ ያሰጋል» ብላ ጻፈች፣
በቢጫዋ ደብተር ላይ አንዲት መስመር ባዶ ቀረች።

አጎበሩን ዘረጋሁ፤ «ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ያስገቡ፣
ሲመሽ ቅባቱን አንገትና ቁርጭምጭሚት ይቀቡ።
ክኒኑ በቀን አንድ፣ ከእህል ጋር፤ ሁለት ቀን ቀድመው ይጀምሩ፣
እዚያ ሳሉ አያቋርጡ፤ ከተመለሱ በኋላ ሰባት ቀን ይጨምሩ።»

«ከተመለስኩ ኋላ?» አሉ። «ቆላው ከኋላዬ ቀርቶ?»
«ትንኟ ትቀራለች፣ አባባ። የተከለችው ይመጣል፣ ጉበት ውስጥ ተኝቶ።»

ዝም አሉ።
በመስኮቱ ባሕር ዛፍ፣ የሐዴራ አሮጌ ዛፎች።
ረግረግ ነበር ይኼ ሁሉ፤ በዚሁ ንዳድ ሲያልቁ ሰዎች
ውሃውን ይጠጣልን ብለው የተከሉት፣
ብዙዎቹ ጥላውን ሳያዩት።

«ኦሪትም ይለዋል» አሉ ኋላ፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ፣
«መቃብር የነካ ሰባት ቀን ይቁጠር ብለው ጻፉ።
እኔ ግን አልቆጠርኩም። ሌሊት ነበር፤ መሪው ‹ተነሡ› አለ፣
አፈሯን ከእጄ ሳላራግፍ መንገዱ ቀጠለ።
እንደ ስሜ ተሻገርኩ። እዚህም ደርሼ አልቆጠርኩም፤
ሥራ ነበር፣ ቋንቋ ነበር፤ አንድ ብዬ አልጀመርኩም።»

ከክኒኑ ሣጥን ጀርባ፣ ቦታ ባገኘሁበት፣
በቀይ እስክሪብቶ ሰባት መስመር አሰመርኩበት።
በጣታቸው ቆጠሩት። ደገሙት። ኪሳቸው ከተቱት።
ቁጥር ሠላሳ አምስት በራ፤ ልጆቹ በሩን ከፈቱት።